«ወገቤን» ስትል የቱን ማለቷ ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በሥራዬ ላይ የፈጸምኩት አንድ ስህተት ነው። የምኖረው ስዊድን ነው፤ ከእንጀራ ሥራዬ አንዱ ደግሞ በሐኪም ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለአገሬ ሰዎች ማስተርጎም ነው። አስተርጓሚ የሰማውን በሆዱ ይዞ መቅረት እንዳለበት አውቃለሁ። ስለዚህ የሴትዮዋን ስም፣ የምትኖርበትን ከተማም ሆነ ዘመኑን አልጠቅስም። ታሪኩን የምጽፈው ራሷ «ጻፈው፤ ሌላዋ እንደ እኔ እንዳትሆን» ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት በስልክ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። አዋላጇ ቢሮዋ፣ ሴትዮዋ ቤቷ፣ እኔ ወጥ ቤቴ ተቀምጠን ሦስታችንም በአንድ መስመር ላይ ነን። ሴትዮዋ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ወንድሜ፣ ወገቤን አሞኛል በልልኝ። መራመድ አቃተኝ፤ ሌሊት አልጋዬ ላይ መገላበጥ አልቻልኩም» አለች። እኔም «ወገቤን» የሚለውን «ሪግ» ብዬ አሳለፍኩት። ሪግ በስዊድንኛ ጀርባ ማለት ነው። አዋላጇ «የቱ ላይ ነው?» ስትል ሴትዮዋ «እዚህ ጋ፣ ወደ ታች» አለች። እጇ የት እንዳረፈ ሁለታችንም አላየንም። አዋላጇ በእርግዝና ወቅት የጀርባ ህመም የተለመደ መሆኑን፣ በየቀኑ በእግር መሄድ እንደሚጠቅም ነገረቻት፤ ስለ ጀርባ ህመም የሚያስረዳ ወረቀትም በፖስታ እንደምትልክላት ተናግራ ተሰናበተች። ነገሩ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። እኔም ስልኬን ዘግቼ ወደሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሄድኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ በአካል ተገኝቼ እንዳስተረጉም ወደ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ተላክሁ። መጠባበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር በሁለት ክራንች ተደግፋ ቆማለች። ሰላም ስላት ትክ ብላ አየችኝና «ድምፅህን አወቅሁት» አለችኝ። በከተማው የአማርኛ አስተርጓሚ ከጣት የሚቆጠር ስለሆነ እንዲህ ያለው መገጣጠም እንግዳ ነገር አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስቷ «ምንሽን አመመሽ?» ብላ አልጠየቀችም። «እስቲ በአንድ ጣትሽ ብቻ የሚያምሽን ቦታ አሳዪኝ» ነው ያለቻት። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ አዙራ ከቀኝ መቀመጫዋ በላይ፣ ጎድጎድ ያለችው ቦታ ላይ አሳረፈችው። ወገብ ከምንለው በታች ነው። «ሌላስ?» ስትባል ዝም አለች። ወደ እኔ ተመለከተችና «ወንድሜ፣ አንተ ፊት እንዴት ብዬ…» አለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለዚህ ትርጉም አያስፈልግም ነበር። መዳፏን ከሆዷ በታች፣ ፊት ለፊት ባለው አጥንት ላይ እንዳሳረፈች በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ ስትናገር ሰማሁ።

በእነዚያ አምስት ሳምንታት ሴትዮዋ «ጥሩ ነው» የተባለችውን ልትፈጽም በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሯ ትሄድ ነበር። በሄደች ቁጥር ህመሙ ባሰ። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነበር የምትሠራው፤ ሥራዋን አቋረጠች። የቤቷን ደረጃ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች መውጣት ጀመረች። አንዲት ዘመዷ ደግሞ በስልክ «አጥንትሽ ተላቆ ነው፤ ወጌሻ ቢያይሽ ኖሮ» ብላት ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። ይህ ሁሉ የመጣው እኔ አንድ ቃል ስለሳትኩ ነው ብል ራሴን ከልክ በላይ ትልቅ ማድረግ ይሆናል። ነገር ግን ቃሉን ስቻለሁ።

ለመሆኑ አማርኛችን ወገብ የሚለው የቱን ነው? መቀነት የሚታሰርበት ቦታ ወገብ ነው። ሸክም ያጎበጠው ወዛደር ወገቤን ይላል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ወገቤን ይላል፤ የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ወገቤን ትላለች፤ ምጥ የጀመራትም እንዲሁ። ከጎድን አጥንት እስከ መቀመጫ ድረስ ያለው አገር በሙሉ በአንድ ቃል ይተዳደራል። ዳሌ የሚባል ቃል አለን፤ ግን ለዘፈንና ለቁንጅና የተተወ ቃል ስለሆነ አንዲት ጨዋ ሴት ባልታወቀ ወንድ ፊት «ዳሌዬን አመመኝ» ለማለት ምላሷ ይያዛል። ወደ ፊት ለፊቱ ስንመጣማ ይባስ ብሎ ስሙ ራሱ ሐፍረተ ሥጋ ነው። ሐፍረት ተብሎ የተሰየመ ቦታ ሲያም እንዴት ይነገራል? ወገቤን ብሎ ማለፍ ይቀላል።

እኛ በውጭ ያለን ፊደል ቆጠርን የምንል ሰዎች ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽና ስለ ወንዝ ፍሰት ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን። እኔም አንዱ ነኝ። ግን እህቶቻችን ስለሚያማቸው ቦታ የሚናገሩበት ቃል እንደሌላቸው ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን አነበብኩ፤ ባለሙያዎችንም ጠየቅሁ። የሚከተለው የዚያ ንባብ ውጤት ነው። ሐኪም ስላልሆንኩ የማንንም ህመም አልመረምርም። ሥራዬ ማስተርጎም ነው፣ አሁንም የማደርገው እሱኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በሆላንዳዊው ተመራማሪ አንድሪ ፍሌሚንግ መሪነት የአውሮፓ ባለሙያዎች ባወጡት መመሪያ፣ የዳሌ ቀለበት ህመም ከወገብ ህመም ተለይቶ ራሱን ችሎ ተሰይሟል። ከኋላ በኩል ከዳሌ አጥንት ጠርዝ እስከ መቀመጫ ግርጌ ባለው ክልል፣ በተለይ ጎድጎድ ያለችው ቦታ አጠገብ የሚሰማ፣ ወደ ጭን የኋላ ክፍልም ሊወርድ የሚችል ህመም ነው። ከፊት በኩል ደግሞ ከሆድ በታች ባለው መጋጠሚያ ላይ፣ ከኋላው ጋር ወይም ለብቻው ሊሰማ ይችላል። ቆሞ መቆየት፣ መራመድና መቀመጥ ያዳግታል። በዚሁ መመሪያ መሠረት ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ገደማ ያገኛታል። ብርቅ በሽታ አይደለም ማለት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅሁ። የወገብ ህመም ያላት ሴት ብዙውን ጊዜ ጎንበስ ስትል ይብስባታል፣ ስትንቀሳቀስ ይሻላታል፤ «ሂጂ፣ ተራመጂ» ቢሏት ጥሩ ምክር ነው። የዳሌው ህመም ያላት ግን በአንድ እግር ስትቆም፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ከመኪና ስትወርድ፣ ሱሪ ስትለብስ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ነው የሚብስባት። መራመድ ማለት ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ለቅጽበት በአንድ እግር መቆም ነው። የእኛዋ ሴት በየቀኑ አንድ ሰዓት ስትሄድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በአንድ እግሯ ቆማለች።

የዳሌ አጥንት ቀለበት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሰፋፊ አጥንቶች አሉ፤ ከኋላ በመካከላቸው የአከርካሪው ግርጌ የሆነው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት እንደ ሽብልቅ ተሰክቷል። መጋጠሚያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት። እግረ መንገዴን ላንሳና፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ስትገኝ ከተረፉላት አጥንቶች መካከል የግራ ዳሌዋና ይኸው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ነበሩበት። ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ሊቃውንቱ ካነበቡባቸው አጥንቶች ዋነኛው ይኸው ዳሌዋ ነው። በሁለት እግር የመሄድ ሸክም የሚያልፈው በዚህ ቀለበት በኩል ነውና።

ቀለበቱ እንዴት ይጸናል? በአህያ ጀርባ ላይ ያለን ጭነት አስቡ። ጭነቱ የሚጸናው አንድም ከእንስሳዋ ጀርባ ጋር በቅርጽ ስለሚገጥም፣ አንድም መጫኛው ስለሚጠብቅ ነው። ዳሌም እንዲሁ ነው። አጥንቶቹ ሻካራ ፊታቸው እርስ በርሱ ይገጥማል፤ በዚያ ላይ ጅማቶቹ፣ የሆድ የውስጥ ጡንቻዎች፣ የመቀመጫ ጡንቻዎችና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች እንደ መጫኛ ከየአቅጣጫው ይወጥሩታል። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ለልጁ መንገድ ሲያዘጋጅ ጅማቶቹ ይለሰልሳሉ። የፊተኛው መጋጠሚያ በጤናማ ሴት ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ያለው ሲሆን በእርግዝና ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጨምራል። ይህ በጤናማዋም ላይ የሚደርስ ነው። ጡንቻዎቹ ጅማቶቹ የቀነሱትን ጥብቀት መተካት ሲያቅታቸው፣ ወይም ከግራና ከቀኝ እኩል ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ይዛባል፤ ነርቮቹም ይቆጣሉ።

ቀደም ሲል ጥፋተኛው አንድ ሆርሞን ብቻ ነው ይባል ነበር። ሪላክሲን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሂሳው ጊኒ ፒግ በምትባለው ትንሽ እንስሳ ላይ ሲመራመር ነው የታወቀው። በዚያች እንስሳ ላይ እውነትም የፊተኛውን መጋጠሚያ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። በሰው ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በደም ውስጥ ያለው የሪላክሲን መጠንና የዳሌ ህመም ተያይዘው ስለመሄዳቸው አጥጋቢ ማስረጃ አላገኘም። የክፍተቱ ስፋትም ቢሆን የህመሙን ልክ አይናገርም፤ ክፍተቷ ሰፍቶ ምንም የማያማት አለች፣ ክፍተቷ ጠባብ ሆኖ መቆም የሚያቅታት አለች።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን መናዘዝ አለብኝ። ስዊድናውያን ይህን ህመም ከጥንት ጀምሮ የሚጠሩበት ቃል አላቸው፤ «ፉግሎስኒንግ» ይሉታል። ኖርዌጂያኖቹም ተመሳሳይ ቃል አላቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ቃል ስትጠቅስ እኔ ተጣድፌ «የመጋጠሚያ መፈታት» ብዬ ተረጎምኩት። ቃል በቃል ትክክል ነው። ሴትዮዋ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ይኸው! አጥንቴ ሊፈታ ነው፤ ዘመዴ ያለችው እውነት ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ፊዚዮቴራፒስቷ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝና ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ለካስ ባለሙያዎቹም ይህን ስም እየተዉት ኖሯል። ሴቶቹ ሰውነታቸው ሊበታተን የደረሰ እየመሰላቸው ለመንቀሳቀስ ይፈራሉ፤ ፍርሃቱ ጡንቻን ያደርቃል፤ የደረቀ ጡንቻ ደግሞ ህመሙን ያብሳል። ስለዚህ ዛሬ «የዳሌ ህመም» ማለትን ይመርጣሉ። እኛ ስም አጥተን ተቸገርን፣ እነሱ ደግሞ ስም አውጥተው ተቸገሩ።

«አጥንትሽ አልተፈታም» አለቻት በቀስታ፣ እኔም በቀስታ አስተረጎምኩ። «የኋላዎቹ መጋጠሚያዎች ቢንቀሳቀሱ እንኳ ከሚሊሜትር ያነሰ ነው። ቦታቸውን አልለቀቁም። የተቆጣ ቦታ ነው ያለሽ፤ የተቆጣ ደግሞ ይበርዳል።»

የወጌሻ ነገር ከተነሳ ላይቀር፣ ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ የወለቀ ክንዴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ግን «ዳሌሽ ቦታውን ለቋል፣ ልመልስልሽ» የሚለው አባባል በእኛ ወጌሻ ብቻ ሳይሆን በፈረንጅ አጥንት አሽዎችም ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በስዊድን የተደረገ ጥናት መጋጠሚያው በእጅ ከመታከሙ በፊትና በኋላ በረቀቀ የራጅ ዘዴ ለክቶ ነበር። የአጥንቶቹ አቀማመጥ ቅንጣት አልተለወጠም። ታማሚው ከተሻለው የተሻለው አጥንት ስለተመለሰ አይደለም፤ ጡንቻው ስለላላና ሰው ስለዳሰሰው ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡርን አጥብቆ ማሸትና አጥንቷን ማንጫጫት ግን ማንም ሊሞክረው የማይገባ ነገር ነው።

ምርመራው ያለ መሣሪያ የሚደረግ ነው። በመጀመሪያ ጣት። ቀጥሎ በጀርባዋ አስተኝታ አንዱን ጉልበቷን ወደ ላይ አጥፋ በጭኗ ርዝመት ወደ አልጋው ቀስ ብላ ትጫነዋለች፤ የለመደችው ህመም በዚያው ወገን መቀመጫዋ ላይ ከተቀሰቀሰ ምልክት ነው። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ሦስተኛው ነው። «እግርሽን ሳታጥፊ አንድ ስንዝር ያህል ከአልጋው አንሺ» አለቻት። ሴትዮዋ ፊቷን አጨማዳ ታገለች፤ እግሯ እንደ ግንድ ከብዷታል። ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት እጆቿን በዳሌዋ ግራና ቀኝ አድርጋ ወደ ውስጥ ጠበቅ አደረገችና «አሁን አንሺ» አለቻት። እግሯ ተነሳ። ሴትዮዋ «ማርያምን!» አለች። እኔም ይህን ሳልተረጉመው ቀረሁ። መጫኛው ሲጠብቅ ጭነቱ ጸና ማለት ነው። ይህ ፈተና ሆላንድ ውስጥ የተቀመረ ሲሆን፣ መታጠቂያ ለየትኛዋ ሴት እንደሚጠቅምም ያመለክታል።

ስለ መታጠቂያው ትንሽ ልበል፤ የእኛ ሰው ቶሎ የሚገባው ይህ ስለሆነ። ጠንካራ ጨርቅ ነው፣ መቀነት በሉት። ልዩነቱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። እናቶቻችን መቀነት የሚያስሩት ወገብ ላይ ነው፤ ይህኛው ግን ወርዶ ከሆድ በታች፣ ዳሌው ዙሪያ ነው የሚታጠቀው። ወገብ ላይ ቢያስሩት ሆድን ከመጫን በቀር ለመጋጠሚያው የሚፈይደው የለም። ደግሞም ቀኑን ሙሉ የሚታሰር አይደለም፤ ስትሄድ፣ ስትሠራ ለአጭር ጊዜ ነው። ሴትዮዋ «ነጠላዬን አጥፌ ባስረውስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ አልሳቀችባትም። ቦታውን በእጇ አሳይታ «ሞክሪው፣ ካቀለለልሽ ጥሩ ነው» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ለዓይን የሚታይ ትልቅ ነገር የለውም፤ ባል «ለዚህ ነው እንዴ ቀጠሮ የተያዘው?» ሊል ይችላል። አብዛኛው የዕለት ኑሮን ማስተካከል ነው። ሱሪና ካልሲ ተቀምጦ መልበስ። ደረጃ አንድ በአንድ፣ ሁለቱንም እግር በየደረጃው እያሳረፉ መውጣት። ከመኪና ሲወርዱ ሁለቱን ጉልበት ገጥሞ አብሮ ማዞር፤ ወንበሩ ላይ ፌስታል ቢነጠፍ ሰውነት በቀላሉ ይሽከረከራል። አልጋ ላይ በጉልበቶች መካከል ትራስ አድርጎ በጎን መተኛት፣ ሲገላበጡም ጉልበትን ገጥሞ ከነ ትከሻ አንድ ላይ መዞር። የገበያ ዕቃን በአንድ እጅ አለመሸከም፤ ልጅን በአንድ ዳሌ ላይ አለማቀፍ። በአጭሩ፣ ጉልበት ከጉልበት አይራቅ፤ ክብደት ሁሉ ለሁለት ይከፈል።

የእኛን ቤት የሚመለከቱ ግን ማንም ፈረንጅ የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ቡና ስታፈላ በርጩማ ላይ እግሯን ከፍታ ትቀመጣለች፤ ለፊተኛው መጋጠሚያ ከዚህ የከፋ አቀማመጥ ማሰብ ያዳግታል። ረከቦቱ ከፍ ብሎ፣ እሷም ወንበር ላይ ትቀመጥ። ቅዳሴ ላይ ሰዓታት ትቆማለች፣ ሲደክማት ክብደቷን በአንድ እግሯ ላይ ትጥላለች። ስግደቱስ? ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ያመመውን ሰው ስገድ የሚል አባት እስካሁን አልገጠመኝም። ሙስሊም እህታችንም ያልቻለ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ታውቃለች። እነዚህን የሚናገር ከሌለ ፊዚዮቴራፒስቷ በምን ታውቃቸዋለች? ያን ቀን ስለ በርጩማው የተናገርኩት እኔ ነኝ። አስተርጓሚ ከራሱ መጨመር የለበትም፤ ይህን ደንብ አውቄ ነው የጣስኩት። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን አመሰገነችኝ።

እንቅስቃሴዎቹ ደግሞ ላብ የሚያወጡ አይደሉም። አየር እያስወጡ የታችኛውን ሆድ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብና የዳሌ ወለልን ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ከፍ ማድረግ፣ ትንፋሽን ሳይዙ ጥቂት መቆየት፣ መልቀቅ። የመቀመጫ ጡንቻን ማጠንከር። ውኃ ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ምክንያቱም ውኃ ክብደትን ይሸከማል። ይሁን እንጂ አንዳንዷ ሴት የዳሌ ወለሏ ከመላላት ይልቅ ከልክ በላይ ተጨማዶ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት መልቀቅን መማር ነው። ከጎረቤት በተዋሱት እንቅስቃሴ ከመጀመር ይልቅ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ይሠራል? አንባቢዬ መረጃ የሚጠይቅ ሰው ስለሆነ እንዳለ አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመና በስዊድን ጎተቦርግ አካባቢ በ386 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ቡድኖችን አነጻጽሯል። አንደኛው የተለመደውን ምክርና መታጠቂያ ብቻ፣ ሁለተኛው በዚያ ላይ አኩፓንክቸር ማለትም የቻይናውን የመርፌ ሕክምና፣ ሦስተኛው በዚያ ላይ የማረጋጊያ እንቅስቃሴዎችን ያገኙ ነበሩ። ሁለቱም ተጨማሪ ሕክምናዎች ከተለመደው ምክር በልጠው ተገኙ፤ ከሁለቱ ደግሞ መርፌው በለጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኮክሬን ግምገማ 34 ጥናቶችን፣ በድምሩ 5,121 ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ ነበር፤ እንቅስቃሴ ለወገብ ህመም እንደሚረዳ ሲጠቁም፣ ለዳሌው ህመም ግን በቡድን የሚሰጥ እንቅስቃሴ ብቻውን ከተለመደው እንክብካቤ መብለጡን አላሳየም። የፊዚዮቴራፒው ጉልበት ይበልጥ ጎልቶ የታየው ከወሊድ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌጂያኗ ብሪት ስቱገ የሚመራ ቡድን ህመሙ ያልለቀቃቸውን 81 ወላዶች ለ20 ሳምንታት ተከታተለ። ለእያንዳንዷ ተለይቶ በተሰጠና በባለሙያ በታገዘ እንቅስቃሴ የታከሙት ከሌሎቹ እጅግ ተሽሏቸው ተገኙ፤ ልዩነቱ ከሁለት ዓመት በኋላም አልጠፋም።

እንግዲህ «በእርግዝና ጊዜ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለው ስህተት ነው፤ «ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂጂና በሳምንት ትድኛለሽ» የሚለውም ስህተት ነው። ለህመሙ ፓራሲታሞል በሐኪም ምክር ይወሰዳል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን ግን በራስ ፈቃድ መውሰድ አይገባም፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ነፍሰ ጡሮች ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል። ሁሉ የዳሌ ህመም የመጋጠሚያ ህመም እንዳልሆነም ይታወቅ። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ሲያቃጥል፣ ህመሙ እየመጣና እየሄደ እንደ ምጥ ከሆነ፣ አንዱ እግር ካበጠ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው እንጂ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ስለ ወሊዱ ሴትዮዋ በጣም ትፈራ ነበር። «ቀዶ ይሻለኛል» ስትል ሰምቻለሁ። ይህ ህመም ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቀዶ ጥገና ምክንያት አይሆንም። በጎን ተኝቶ ወይም በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ መውለድ ይቻላል፤ ተንበርክኮ መውለድ ለአያቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። ፊዚዮቴራፒስቷ በመጨረሻው ቀጠሮ ሴትዮዋን አስተኝታ ሳያማት ጉልበቶቿን ምን ያህል ማራራቅ እንደምትችል በሜትር ለካች፤ ቁጥሩንም በማኅደሯ ላይ ጻፈች። በወሊድ ጊዜ የማደንዘዣ መርፌ ወገቧ ላይ ከተወጋች ህመሙ ስለማይሰማት አዋላጆቹ እግሯን ከዚያ ልክ በላይ እንዳይከፍቱት ነው። ቁጥሩን በአማርኛ በእጇ መዳፍ ስፋት አስረዳኋትና እሷም በልቧ ያዘችው።

በአገር ቤት ይህ ሁሉ ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፊዚዮቴራፒ ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ባለሙያዎች ወጥተዋል፤ ነገር ግን የነፍሰ ጡሯ ቁጥርና የእነሱ ቁጥር የሚነጻጸር አይደለም። የአዲስ አበባው የፌስቱላ ሆስፒታል ለታካሚዎቹ ፊዚዮቴራፒ መስጠቱ ለብዙዎቻችን የማይታወቅ ነገር ነው። ሆኖም በአንድ ጣት ማሳየት፣ ትራስ በጉልበት መካከል ማድረግ፣ ከበርጩማ ወደ ወንበር መውጣት ባለሙያም ገንዘብም አይጠይቅም። እናት ለልጇ፣ አዋላጅ ለነፍሰ ጡሯ በስልክ ልትነግራት ትችላለች።

እኔ ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለውጫለሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር «ወገቤን» ካለች፣ አዋላጇን አስፈቅጄ፣ ይህ የአማርኛ ቃል ሰፊ መሆኑን እገልጽና አንድ ጥያቄ እንድጠይቅ እለምናለሁ። «እህቴ፣ መቀነት ከሚታሰርበት በላይ ነው ወይስ በታች? አልጋ ላይ ስትገላበጪስ ያምሻል?» እላለሁ። የፊቱን ደግሞ ወንድ በሚያስተረጉምበት ጊዜ መናገር የምታፍር ከሆነ ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ እንደምትችል እነግራታለሁ። ሥራ ይቀርብኛል፣ ግን ይቅርብኝ።

ሴትዮዋ በጎኗ ተኝታ ወለደች። ያስተረጎመችው ሌላ ሴት ናት። ክራንቾቹን የጣለቻቸው ከወለደች በኋላ ወደ ሦስተኛው ወር ላይ ነው፤ ኋላ ያለው ህመም ግን ለወራት ሲመላለስባት ቆይቶ እንቅስቃሴውን ስትቀጥል ነው የለቀቃት። አብዛኞቹ ሴቶች ከወሊድ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ጥቂቶቹ ይቆይባቸዋል፣ እሷ ከእነዚያ መካከል ነበረች። ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ቤቷ ጠራችኝ። ቡናው የተፈላው ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እሷም ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ትልቅ እናት «ምን ዓይነት ቡና ነው ይሄ?» ብለው ሲተቿት «እትዬ፣ ዳሌዬን አሞኝ ነበር» አለች፣ እኔም ሌሎች ወንዶችም ተቀምጠን እየሰማን።